ለሁሉም 1000፦ ቤት የማያደርሰው አድራሻችን

ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ካሉት ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች በአንዱ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ ያለች ወጣት ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ታስሞላለች። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ ቁጥር ሁሉም ተሞላ። ፖስታ ኮድ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቅጹ ባዶውን አላልፍም አለ። ቅጹን የሚሞላላት የኮፒ ቤቱ ልጅ ሳያመነታ 1000 ብሎ ጻፈ። «የማን ቁጥር ነው?» አለችው። «የአዲስ አበባ ነው። ለሁሉም ሰው ይኼንኑ ነው የምሞላው።» ቅጹ አለፈ፤ ልጅቷም ከፍላ ሄደች። ጥያቄዋ ግን እኔን አልለቀቀኝም።

ልጁ አልተሳሳተም። የኢትዮጵያ የፖስታ ኮድ አራት አኃዝ አለው፤ በአዲስ አበባ አድራሻዎች ላይ በሙከራ ተጀምሮ ከሙከራ ያልዘለለ ነው። 1000 ሲጻፍ ደብዳቤው አዲስ አበባ እንዲደርስ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ጀሞ ይሁን ሳሪስ፣ ለቡ ይሁን ሽሮ ሜዳ ቁጥሩ አይናገርም። የፖስታ ኮድ የተፈጠረው አንዱን ሠፈር ከሌላው ለመለየት ነው። ሚሊዮኖች በጋራ የሚጽፉት ቁጥር ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ሌሎች አገሮች አሳይተዋል። አሜሪካ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1963 ባለ አምስት አኃዝ ኮድ አወጣች። የመጀመሪያው አኃዝ የክፍለ ግዛቶችን ቡድን፣ ተከታዮቹ ሁለቱ ደብዳቤ የሚለይበትን ማዕከል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ አዳዩን ፖስታ ቤት ይጠቁማሉ። እንግሊዝ በ1959 ኖሪች ከተማ ላይ ሞክራ በ1974 መላ አገሯን አዳረሰች፤ እዚያ አንድ ኮድ በአማካይ ለ15 ያህል ቤቶች ብቻ ነው። ሕንድ በ1972 ባለ ስድስት አኃዙን አመጣች። አየርላንድ ዘግይታ በ2015 ብትጀምርም ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ኮድ ሰጠች።

የእኛ ሥርዓት የቆመው ግን በፖስታ ሣጥን ላይ ነው። ደብዳቤ ይመጣል፣ በቅርንጫፍ ይለያል፣ በፖ.ሣ.ቁ. ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ባለ ሣጥኑ ቁልፉን ይዞ ሄዶ ያወጣል። ሣጥኑ ዓመታዊ ኪራይ አለው። ለመሥሪያ ቤትና ለድርጅት ይህ ይመቻል። ሣጥን ለሌለው ቤተሰብ ግን በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቤቱ የሚቆጠርበት ቦታ የለም።

ጎፋ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በደብዳቤ ልየታ ያሳለፉ ጡረተኛ አግኝቼ ረጅም ሰዓት አጫወቱኝ። «ሰው በሰው በኩል ነበር የሚጻፈው» አሉኝ። «ይድረስ ለእገሌ፣ በእገሌ በኩል። ያ እገሌ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሊሆን ይችላል፣ የፋብሪካ ሒሳብ ሹም ሊሆን ይችላል። ፖስታው ላይ የሦስት ሰው ስም አይቻለሁ። የእናት ደብዳቤ ልጇ እጅ እስኪገባ ስንት ሰው ያገላብጠዋል!» ተማሪዎች ደብዳቤ የሚጠብቁት የስም ዝርዝር ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ሥር እንደነበር አስታወሱኝ። «አንዳንዱ ጸሐፊ ‹ቄራ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር› ብሎ ይልካል። ለእኛ ሰማያዊ በር ምንድን ነው? እኛ የምናውቀው ሣጥን ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስመልስ እጄ ይከብደኝ ነበር። ሰው ጠፍቶ አይደለም እኮ፤ ሰውየው እዚያው ሰማያዊ በር ውስጥ ቁጭ ብሏል።»

የፖስታ አገልግሎታችን ታሪክ ግን የሚያኮራ ነው፤ ጥቂት ልቆይበት። ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያዘዙት በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 1886 ነው፤ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ በምሥረታው እጁ ነበረበት። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች፣ ሰባት ዓይነት ዋጋ ያላቸው፣ ፓሪስ ታተሙ፤ ምስሎቹን የቀረጸው ፈረንሳዊው ኤዤን ሙሾን ነው። ገሚሶቹ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሌሎቹ የይሁዳ አንበሳን ይዘዋል። ሆኖም አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች በእነዚያ ቴምብሮች ብቻ ውጭ አገር ደብዳቤ መላክ አይቻልም ነበር፤ በባሕር በር በኩል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይታከልበት ነበር። ኢትዮጵያ ኅብረቱን የተቀላቀለችው በጥቅምት 1901 ሲሆን ፈረንሳዮችም ሐረርና አዲስ አበባ ከፍተዋቸው የነበሩ ፖስታ ቤቶች በዚያው ዘመን ተዘጉ። ነጻነቷን በቴምብር ጭምር ያስከበረች አገር የዜጋዋን ደጃፍ በቁጥር መጻፍ ሊያቅታት አይገባም ነበር።

ችግሩ ቤቶቻችን ቁጥር ማጣታቸው ብቻ አይደለም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ከወጣ በኋላ ቀበሌዎች ተደራጅተው በሮች ላይ ቁጥር ለጠፉ። በ1995 ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞችና በቀበሌዎች እንደገና ተዋቀረች፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶም ክፍለ ከተማ የሆነው ያኔ ነው። ቀበሌዎቹ ኋላ ለወረዳ ቦታ ለቀቁ። አስተዳደር በተለወጠ ቁጥር አድራሻውም አብሮ ይለወጣል። ሳሪስ ውስጥ የሁለት ዘመን ቁጥር ያለበት የቆርቆሮ በር አለ፤ ሽማግሌዎችም ዛሬ ድረስ «የድሮው ቀበሌ» እያሉ ነው አቅጣጫ የሚያሳዩት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሳይት፣ ብሎክና የቤት ቁጥር አለው፤ ከአራት አኃዙ ኮድ ጋር ግን አይገናኝም። አዲስ በተሠሩ መንደሮች ደግሞ የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል፤ በንግድ ፈቃድና በመታወቂያ ላይ ሳይቀር።

አራት አኃዙ መቼ ወደ ወረዳ እንደሚወርድ ለመጠየቅ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ አንድ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ጥያቄዬን በደብዳቤ እንዳስገባ ነገሩኝ፤ አስገባሁ። መልስ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም ስልኬን አላነሱም።

በዚህ መሀል ከተማዋ በስልክ ትገፋለች። ዕቃ የሚያመላልሱ የሞተር ልጆች «የት ጋ ነህ? ምን ይታይሃል?» እያሉ ይደርሳሉ። ሌሊት ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሮቹ 907 ወይም 939 ደውሎ የእሳትና የሕመም አቅጣጫ ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ላፍቶ የሚኖሩ አንዲት እናት ባለቤታቸው ሲታመሙ ልጃቸውን አምቡላንሱን እንዲጠብቅ እስከ አስፋልቱ ድረስ ልከውት እንደነበር ነግረውኛል።

የዓለም ፖስታ ኅብረት ልዩ ጉባኤውን በ2010 መጨረሻ ያደረገው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። ጋና ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቀድማ፣ ማንኛውም ሰው በስልኩ የቤቱን ኮድ የሚያወጣበትን ዲጂታል አድራሻ ሥራ ላይ አውላ ነበር። እኛ አስተናጋጆች ነበርን።

ጡረተኛውን ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጠይቄያቸው ነበር። «ቁጥሩን ለቤቱ ስጡት» አሉ። «ለሣጥኑም፣ ለቀበሌውም አይሁን። ቤቱ አይሄድም፤ ሹሙ ነው የሚሄደው።»

እኔም ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አላገኘሁም። ኢትዮ ፖስትና የከተማው አስተዳደር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። በአንድ ወረዳ ይጀምሩ፤ ጀሞ ብሎኮቹ ተቆጥረው የተዘጋጁ ስለሆኑ ለመነሻ ይመቻል። ወረዳ ሲከፈልና ሲቀላቀል የማይነካ ኮድ ለእያንዳንዱ በር ይስጡ፤ «አዲስ» የሚለውን ቃልም ከቤት ቁጥር መሙያው ላይ ያንሡ።