ለጀማሪ ጥያቄ መልስ የመስጠት ሥርዓት

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው የአፋር ምድር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ፣ ከሰላምታ በኋላ ቁጭ ብለው ወሬ ይጠያየቃሉ፤ ይህም ዳጉ ይባላል። ተጠያቂው ሳይቸኩል፣ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ ሐሰተኛም በባህሉ ይቀጣል። ስለ ውሃና ስለ ግጦሽ የተነገረ ሐሰት ከብት ያስጨርሳልና።

በ2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ወጣት የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ይማራል። ስለዚህ ጀማሪው ጓደኛችን «ፕሮግራሜ ለምን እምቢ አለ?» ሲለን፣ በዳጉ ሥርዓት እንመልስለት። አስቀድመን የጻፈውን ኮድና የወጣለትን የስሕተት መልእክት እንጠይቀው፤ የሞከርነውን ከግምታችን እንለይለት፤ ያላወቅነውን አላወቅንም እንበል፤ መፍትሔውን ከነምክንያቱ እናስረዳው። «ይህም ይጠየቃል?» ብሎ መሳቅ ግን ጠያቂውን ዝም ያሰኘዋል፤ ዝም ያለ ተማሪም ስሕተቱን ይዞ ይቀራል።