እርሻ ሲመጣ የሥራ ሰዓት ለምን ረዘመ?

በሰሜን ሶርያ፣ በኤፍራጥስ ዳር፣ አቡ ሁረይራ የሚባል የጥንት መንደር ነበር። ዛሬ የታብቃ ግድብ ውሃ ውጦታል። ከመዋጡ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973፣ በአርኪዮሎጂ ባለሙያው አንድሩ ሙር የተመራ ቡድን እየተጣደፈ ቆፍሮ ያወጣው አጽም፣ ዘርና ድንጋይ ግን ለኢኮኖሚ ታሪክ ትልቅ ሀብት ሆኗል። በዚያ አንድ ቦታ መጀመሪያ አዳኝና ለቃሚ፣ በኋላ ደግሞ ገበሬ ተከታትለው ኖረዋል። ሁለቱን ኑሮ ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመመዘን እንዲህ የሚመች ቦታ ብዙ አይገኝም።

ከ13 ሺህ ዓመት ግድም በፊት የሰፈሩት ሰዎች አላረሱም። የሜዳ ፍየል መንጋ በየዓመቱ በዚያ ሲያልፍ ጠብቀው ያድኑ ነበር። ከምድጃቸው አመድና ከአፈሩ ውስጥ ከ150 በላይ ዓይነት የዱር ዕፅዋት ዘርና ፍሬ ተለይቷል። አንዱ ባያፈራ ሌላው ነበረላቸው። በኋላ የመጡት ገበሬዎች ኑሯቸውን በጥቂት አዝርዕት ላይ ጣሉ፤ ስንዴ፣ ገብስና ምስር የመሳሰሉት። መንደሩ ግን አደገ፤ ነዋሪው በሺዎች የሚቆጠር ሆነ።

ከልጅነታችን ጀምሮ የተነገረን ታሪክ ቀላል ነው፦ ሰው ሲራብ ኖሮ ማረስ ሲጀምር ጠገበ። ቁጥሮቹ ግን ይህን አይደግፉም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ጃክ ሃርላን በቱርክ ካራጃዳግ ተራራ ላይ የበቀለ የዱር ስንዴ በእጁና የባልጩት ስለት ባለው ማጭድ ሰበሰበ። በአንድ ሰዓት ሥራ አንድ ኪሎ ግድም ንጹሕ እህል አገኘ። የለመደ ቤተሰብ እህሉ በሚደርስበት ወቅት ሦስት ሳምንት ግድም ቢሠራ ለዓመት ከሚበቃው በላይ ሊሰበስብ እንደሚችል አሰላ። ያልታረሰ፣ ያልታረመ፣ በሬ ያልተጠመደበት እህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሳሙኤል ቦውልስ የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች በአንድ የሥራ ሰዓት ያገኙት የነበረው ምግብ ከአዳኝና ለቃሚው እንደማይበልጥ፣ ምናልባትም እንደሚያንስ በስሌት አሳየ።

ታዲያ ለምን አረሱ? ዴንማርካዊቷ የምጣኔ ሀብት ምሁር ኤስተር ቦዝሩፕ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመችው መጽሐፍ ያቀረበችው ሐሳብ እስካሁን ያሳምነኛል። ሰው በአንድ መሬት ላይ ሲበዛ ከዚያው መሬት ብዙ ለማውጣት ይገደዳል፤ የሚከፍለውም በጉልበቱ ነው። በሄክታር የሚገኘው ሲጨምር በሰዓት የሚገኘው ይቀንሳል። በዚህ ላይ የወሊዱ ነገር አለ። ከቦታ ቦታ የምትዞር እናት ሁለት ሕፃናት አዝላ መሄድ ስለማትችል በልጆቿ መካከል ረዘም ያለ ጊዜ ይኖራል። ቋሚ ቤት ያላትና ለሕፃኗ ገንፎ የምታገኝ እናት ቶሎ ትደግማለች። ከ11,700 ዓመት ግድም በፊት ጀምሮ የአየር ንብረቱ ሲረጋ መዝራት የሚያዋጣ ሆነ፤ ሕዝቡ ከበዛ በኋላ ግን ወደ ለቀማ መመለስ አልተቻለም፤ ያ ሁሉ አፍ በለቀማ ብቻ አይጠግብም።

ከሥራ ሰዓቱ መርዘም ቀጥሎ ሁለተኛው ለውጥ ጎተራ ነው። አዳኝ ያደነው ሥጋ ስለሚበላሽበት ቢያካፍል ይሻለዋል። ዘርቶ ወራት የሚጠብቅ ሰው ግን “ይህ የእኔ ነው” የሚል ሕግ ያስፈልገዋል፤ ካልሆነ ሌላው ያጭድበታል። የተከማቸ እህል ክፉ ዘመን ያሻግራል፤ ይህን ጥቅም ማሳነስ አልፈልግም። ነገር ግን የተከማቸ እህል ይታያል፣ ይሰፈራል፣ ይወሰዳል። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ጄምስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መጽሐፍ የጥንት መንግሥታት በእህል ላይ የቆሙት ለዚህ ነው ይላል፦ እህል ከምድር በላይ፣ በአንድ ወቅት ይደርሳል፤ ግብር ሰብሳቢው መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። ለእኛ ይህ ሩቅ አይደለም። አሥራት ማለት ከአሥር አንድ ነው፤ አውድማ ላይ በተከመረ እህል ላይ በቀላሉ ይሰላል። በደቡብ ኢትዮጵያ ጓሮ ለዓመታት ቆሞ፣ ባለቤቱ በፈለገበት ጊዜ የሚፋቀውን እንሰት ግን በዚያ መንገድ መስፈር አስቸጋሪ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ የሴቶቹ አጽም ነው። የአጽም ተመራማሪዋ ቴያ ሞለሰን የአቡ ሁረይራን አጽሞች መርምራ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ በሴቶቹ አጥንት ላይ የታጠፈና መገጣጠሚያው የተበላሸ የእግር አውራ ጣት፣ የተጎዳ ጉልበትና የታችኛው ጀርባ እንዳገኘች ገለጸች። የደረሰችበት መደምደሚያ ተንበርክከው፣ ጣታቸውን መሬት ላይ አጥፈው፣ በየቀኑ ለሰዓታት እህል ይፈጩ ነበር የሚል ነው። ከድንጋዩ የሚወጣው አሸዋ ደግሞ የተመጋቢውን ሁሉ ጥርስ ሰባብሯል። በወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ መጅ ስትገፋ የኖረች እናት ወይም አያት ያለው አንባቢ ይህን አጽም ለመረዳት ሐኪም አያስፈልገውም። የሞተር ወፍጮ በየገጠሩ ሲገባ ከሴቶች ትከሻ ላይ የወረደውን ሸክም ያህል ሌላ መሣሪያ ያወረደ አይመስለኝም።

በዚያ ዘመን የስታትስቲክስ ቢሮ ቢኖር ኖሮ ምን ይጽፍ ነበር? ሕዝብ ጨመረ፣ የእህል ክምችት በዛ፣ መንደሩ ሰፋ። ሁሉም እውነት ነው። የአንዲት ሴት ጀርባ ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገባም ነበር።

ዛሬም ችግሩ በከፊል አለ። አገራት ምርታቸውን የሚቆጥሩበት ዓለም አቀፍ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት ቤተሰብ ለራሱ የፈጨውን ዱቄት እንደ ምርት ይቀበላል። ያንኑ ዱቄት አቡክቶ መጋገርና ልጅ ማሳደግ ግን ለራስ ቤት የተሠራ አገልግሎት ስለሆነ ከምርቱ ውጭ ነው። ስለዚህ የአገር ውስጥ ምርት ሲያድግ ማን ስንት ሰዓት ሠርቶ እንዳደገ ከዚያ ቁጥር ብቻ ማንበብ አይቻልም። የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ይህን ክፍተት ይሞላል፤ የያኔው የኢትዮጵያ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አካሂዶ ነበር። እንዲህ ያለው ጥናት በየጥቂት ዓመቱ መደገም፣ ውጤቱም ከምርት ዘገባው ጋር አብሮ መውጣት አለበት። በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ ስንባል፣ አንዱ ኩንታል ከማሳ እስከ ሞሰብ ስንት ሰዓት እንደፈጀና ሰዓቱ የማን እንደነበር ከጎኑ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ።