ዳኛው ፊት የሚቀርበው የጥገኝነት ጥያቄ

የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የፍትሕ ሚኒስቴር አካል ነው፤ ዳኞቹን የሚሾሙትም ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ናቸው። መንግሥት በጠበቃው ይወከላል። አመልካቹ ግን በራሱ ወጪ ካልቀጠረ ወይም በነፃ የሚቆምለት ካላገኘ ያለ ጠበቃ ይከራከራል። አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ ያቀርባል።

ማስተር የሚባለው የመጀመሪያ ቀጠሮ አጭር ነው። ፈተናው ኢንዲቪጁዋል በተባለው፣ ዋናው ክርክር በሚሰማበት ቀን ይመጣል። ብዙ ወገኖቻችን የደረሰባቸውን በደል በዝርዝር መናገር በቂ ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን ከበደሉ እኩል ምክንያቱን ይፈልጋል፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከት ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት። ስለዚህ «ሲደበድቡዎት ምን ይሉዎት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ሚዛን አለው። ደብዳቢው የጠራው የፓርቲ ስም ወይም የወረወረው የብሔር ስድብ ምክንያቱን ያሳያልና። ገንዘብ ብቻ ፈልጎ የደበደበ ሰው ጉዳይ ግን፣ ቁስሉ የቱንም ያህል ቢከፋ፣ በአብዛኛው ለጥገኝነት አይበቃም።

ቀጥሎ የመንግሥት ጠበቃ ይነሣል። ፖሊስ ዘንድ አመለከቱ? ሌላ ክልል ሄደው መኖር አይችሉም ነበር? መንግሥት የሚፈልግዎት ከሆነ በቦሌ እንዴት ወጡ? አሜሪካ በገቡ በ1 ዓመት ውስጥ ለምን አላመለከቱም? 1 ዓመቱ በሕግ የተቀመጠ የጊዜ ገደብ ነው፤ ያሳለፈ ሰው ሕጉ የሚቀበለው ልዩ ምክንያት ማስረዳት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ ደግሞ ዳኛው ትንሽ የምትመስል የቃል መለያየትን ጭምር እንዲመዝን ይፈቅዳል። የእኛን ሰው የዘመን አቆጣጠር የሚያስጠቃው እዚህ ላይ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ታስሮ ታኅሣሥ 25 የተፈታ ሰው፣ በፈረንጆቹ የታሰረው ዲሴምበር 29፣ 2018፣ የተፈታው ጃንዋሪ 3፣ 2019 ነው። ፎርሙን የሞላው ሰው ሁለቱም ላይ 7 ዓመት ከደመረ፣ አመልካቹ ገና ሳይታሰር ተፈትቶ ይገኛል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ማለት ለእነርሱ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው። ተሠቃይቶ የወጣ ሰው ቀንና ሰዓት ቢምታታበት አያስደንቅም፤ ይህን እንደ ውሸት መቁጠር ለእኔ ጭካኔ ነው። ቢሆንም በማመልከቻው የተጻፈውን ቃል ከችሎቱ በፊት ከጠበቃ ጋር መስመር በመስመር መፈተሽ ያድናል። በችሎቱም ያላስታወሱትን ከመገመት «አላስታውስም» ማለት፣ ያልገባ ትርጉም ሲያጋጥምም ወዲያው ማስቆም ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ስለ ነገ ነው፦ «ዛሬ ቢመለሱ ምን ይደርስብዎታል?» የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ አደጋው የመድረስ ዕድሉ ከ10 አንድ ቢሆን እንኳ ፍርሃቱ በቂ መሠረት ሊኖረው ይችላል። ከላይ ከተጠቀሱት ምክንያቶች በአንዱ ከባድ በደል የደረሰበት ሰው የወደፊት ፍርሃቱ አስቀድሞ እንደ እውነት ይወሰድለታል፤ ሁኔታው መለወጡን ወይም ሌላ የአገሩ ክፍል በደኅና መኖር እንደሚችል የማሳየት ሸክም የመንግሥት ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲለወጥ፣ ቀድመው ያመለከቱ ኢትዮጵያውያን ጉዳይም ለዚህ ጥያቄ ተጋለጠ። መልሱም አዲሱ ሹም ማን እንደሆነ ሳይሆን፣ አመልካቹን ያሰረው ሰው በዚያው ወረዳ ዛሬም ሥልጣን ላይ መኖር አለመኖሩን ማስረዳት ነው።