ከመስታወቱ በፊት ኮርኒሱ

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ቤት ይታያል። አንደኛው እንሰት የከበበው ክብ የሣር ቤት ነው። ሌላው ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ በላከው ገንዘብ የቆመ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ፊቱ ሰፊ መስታወት የሆነ ቪላ። ቪላው የኑሮ መሻሻል ምልክት መሆኑን የሚክድ የለም። ሙቀት በመያዝ ግን ከሣር ቤቱ ያንሳል፤ ጥፋቱም የዘመናዊነቱ ሳይሆን ገንዘቡ የፈሰሰበት ቦታ ነው። በሀዲያና በከምባታ ደጋ ኃይል ቆጣቢ ቤት ልሥራ የሚል ሰው ከመስታወቱና ከሶላሩ በፊት ኮርኒሱንና ምድጃውን ቢያስብ ይሻለዋል።

ኃይል ቆጣቢ ቤት ሲባል ቶሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1991 በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ የተሠራው ‹ፓሲቭ ሀውስ› ነው። የእሱ ጭንቀት ለወራት የማይለቅ ብርድ ነበር። ሆሳዕና ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከምድር ወገብም ብዙ ሳትርቅ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ቀኑ ለሰውነት ይመቻል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ ሥራው የቀኑን ሙቀት እስከ ንጋት ማቆየት ብቻ ነው። ፀሐይ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ከአናት ብዙ ስለማትርቅ አብዝታ የምትመታው ጣሪያውን ነው። ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ግሎ ቤቱን ያፍነዋል። ማታ፣ በተለይ ሰማይ በሚጠራበት ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሙቀቱን ወደ ላይ ለቅቆ ከውጭው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ኮርኒስ በሌለው ቤት ንጋት ላይ ከቆርቆሮው ሥር ውሃ ተቋጥሮ የሚንጠባጠበው በዚህ ምክንያት ነው። የሣር ክዳን በውስጡ አየር ስለሚይዝ እንዲህ አያደርግም። በዚያ ላይ አብረው የሚያድሩት ከብቶች ነበሩ፤ አንዲት ላም ሌሊቱን ጥቂት መቶ ዋት ሙቀት ትሰጣለች። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከብትና ሰው ተለይተው እንዲያድሩ ማስተማሩ ትክክል ነበር። የሄደውን ሙቀት የሚተካ ነገር ግን ያሰበ አልነበረም፤ ክፍተቱን የሞላው ከሰልና ማገዶ ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ የሚወጠረው የማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒስ አቧራ ይይዛል እንጂ ሙቀት አይይዝም። በችፑድ ወይም በቀርከሃ ላይ፣ በቀጭን ጭቃ የተለወሰ ጭድ አምስት ስድስት ጣት ያህል ቢደለደል የሣር ክዳኑ ይሠራ የነበረውን ሥራ ይሠራል። አይጥ ይገባበታል የሚል ይኖራል፤ ስጋቱ እውነት ነው፣ ስለዚህ ላዩን በጭቃ ጥሩ አድርጎ መምረግ ያስፈልጋል። አናጺውም ክብደቱን አስቀድሞ አውቆ እንጨቱን ማጠንከር አለበት። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰፊ የመስታወት መስኮት የበለጠ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚነሳው ጭቃ ሲጠራ ነው። ጭቃ የድህነት ነው፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል ይባላል። ክሱ ግን በጭቃው ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ መቅረብ ነበረበት። ቋሚው ባሕር ዛፍ የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ እርጥብ አፈር ውስጥ ከሚቀበር ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቢቆም፣ ክዳኑም ከግድግዳው ወጣ ብሎ ቢያጠላ፣ ምስጡም ዝናቡም ብዙ አቅም ያጣሉ። የአዲስ አበባው የሥነ ሕንፃ ተቋም ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 በዋናነት ከአፈር ባለ አንድ ፎቅ ናሙና ቤት አቁሟል፤ አፈር ለጎጆ ብቻ ነው ለሚል ሰው መልስ ይሆናል። ሲሚንቶ በአንጻሩ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እሳት ተጋግሮ፣ ከሩቅ ፋብሪካ በከባድ መኪና የሚመጣ ዕቃ ነው። ቤቱ ገና ሰው ሳይገባበት ብዙ ኃይል በልቷል ማለት ነው። ብሎኬት ይቅር አልልም፤ ለመሠረትና ለማዕዘን ይሁን፣ ሌላውን አፈር ይሸከመው።

መብራታችን ከውሃ የሚመነጭ ነው፣ ግቤም ደጃችን ነው፣ ምን ያስቆጥባል የሚልም አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል፤ መስመሩ ለደረሳቸው የገጠር ቤቶች እንኳ ይህ ቀላል ጭነት አይደለም። ስለዚህ ቆጮውም እንጀራውም በማገዶ መጋገሩ ይቀጥላል፤ ባሕር ዛፉም እያደር በሚጠበው የቤተሰቡ መሬት ላይ ከእንሰቱ ጋር ቦታ ይሻማል። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ጭስ ማውጫ ያለው ማድቤት ከዋናው ቤት ጋር አብሮ በፕላኑ ሲገባ ደግሞ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ያድናል። ቪላው ተመርቆ ማድቤቱ ከጓሮ በአሮጌ ቆርቆሮ ሲጋረድ ማየት የተለመደ ነው፤ እኔ ባለቤት ብሆን ከሳሎኑ አስቀድሜ እሱን አሠራ ነበር። ከብት ያለው ሰው የባዮጋዝ ጉድጓድ ሊያስብ ይችላል። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር የያኔውን ደቡብ ክልል ይጨምር ነበር፤ ጋዙም በረቱ ከቤት ሲወጣ የቀረውን ሙቀት በከፊል በእሳት መልክ ይመልሳል።

መስኮት አይኑር ማለት አይደለም። በምሥራቅ በኩል መጠነኛ መስታወት የጠዋት ፀሐይ ያስገባል፤ ሌሊት ግን ሙቀት የሚያመልጠው በእሱው በኩል ስለሆነ ከውስጥ የእንጨት መዝጊያ ይኑረው። ይህ ሁሉ ሲሟላ ለመብራት፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን ጣሪያው ላይ የሚሰቀለው ሶላር ትንሽ ቢሆን ይበቃል።