ማንኮራፋቱ ድንገት ሲቆም

አጠገባችን የተኛ ሰው ሲያንኮራፋ «እንቅልፍ ጣለው» ብለን እናልፋለን፤ ድምፁ ሲቆም ደግሞ እፎይ እንላለን። አደጋው ያለው እዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ደረቱ አየር ለመሳብ ይታገላል፤ አየሩ ግን አይገባም። ቆይቶ እንደታነቀ ሰው አንዴ ያጓራና ማንኮራፋቱን ይቀጥላል። ሲነጋ አንዱንም አያስታውሰውም።

ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው ሕመም ይህ ነው። የአየር ቧንቧችን በልም አጥንት ስለተደገፈ በቀላሉ አይዘጋም፤ ከምላስ ጀርባ ያለውን መተላለፊያ ግን ከፍተው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። ስንተኛ እነሱም ይላላሉ። መተላለፊያው ከመጀመሪያው ጠባብ ከሆነ ምላስና ላንቃ ይደፍኑታል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎልም ሰውየውን ሳይታወቀው ለቅጽበት ያባንነዋል። ሐኪሞች የሚቆጥሩት ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ መቋረጥን ወይም የትንፋሽ መቀነስን ነው። በሰዓት 30 ከደረሰ ከባድ ይባላል፤ በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ ማለት ነው።

በእያንዳንዱ መባነን የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል። በብዙ መድኃኒት አልወርድ ያለ ግፊት ላይ ሐኪም ይህን ሕመም መጠርጠሩ ለዚህ ነው። ጠዋት ራስ ምታት፣ ሌሊት ለሽንት መመላለስ፣ ቀን ማንቀላፋትም ምልክቶቹ ናቸው። መሪ ይዞ የሚያንቀላፋ ሾፌርን ሳስብ ጉዳዩ የአንድ ሰው ጤና ብቻ እንዳልሆነ ይታየኛል።

ውፍረት፣ በተለይ አንገት ላይ የሚከማች ስብ፣ ዋናው መንስኤ ነው። «የወፍራም ወንዶች በሽታ» ማለት ግን ብዙዎችን ያስቀራል። አገጫቸው ወደ ኋላ የገባ ቀጫጭን ሰዎች፣ ቶንሲላቸው ያበጠ ሕፃናት፣ የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችም ይያዛሉ። ሴቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ስለ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ስለሆነ ሳይታወቅባቸው ይቆያል። አልኮልና አንዳንድ የእንቅልፍ ክኒኖች ጡንቻውን ይበልጥ ያላሉታል።

ቀድሞ ሕመሙ ለጸናበት ሰው የነበረው ሕክምና አንገት ላይ ቀዳዳ ማውጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲድኒ ውስጥ ሐኪሙ ኮሊን ሱሊቫን በአቧራ መጥረጊያ ሞተር አየር እየነፋ በአፍንጫ ማስክ ወደ አንድ ሕመምተኛ አስገባ፤ የአየሩ ግፊት የሕመምተኛውን ጉሮሮ ከፍቶ አሳደረው። ሲፓፕ የሚባለው ማሽን የተወለደው እንዲህ ነው፤ ዛሬም ለከባዱ ሕመም ቀዳሚው ሕክምና እሱ ነው። ቀለል ላለው ሕመም ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት ወይም የታች መንጋጋን ወደ ፊት የሚስብ የአፍ መሣሪያ ይረዳል። ለብዙ ሕፃናት ቶንሲሉን ማውጣት መፍትሔ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቲርዜፓታይድ የተባለውን መድኃኒት ውፍረት ላለባቸው ሕመምተኞች ፈቅዷል።

ብዙ ሰው ማሽኑን የሚተወው ማስኩ ስለማይመቸው ነው፤ ሌላ ዓይነት ወይም ሌላ መጠን መሞከር ይቻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ባትሪ አብሮ ይታሰብበት። ገና ላልተመረመረ ሰው ደግሞ አጠገቡ የሚተኛው ሌሊቱን በስልክ ቀርጾ ለሐኪሙ ቢያሰማ፣ ምርመራው የሚጀምርበትን ጥሩ ፍንጭ ይሰጠዋል።