እርስዎስ ምን ይላሉ?

በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ ጡረታ እስከምወጣ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት በቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት የምትፈረም የስምምነት ቅጽ አለች። መፈረም ያለበት ታካሚው ነው። እኛ ግን ቅጹን ይዘን የምንሄደው ብዙ ጊዜ ወደ ባል ወይም ወደ ታላቅ ልጅ ነበር። እኔም ሳላስበው እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ።

አንድ ጊዜ ስኳር ያለባቸው እናት እግራቸው ጠቁሮ መጡ። ጋንግሪን ነበር። ኢንፌክሽኑ ወደ ላይ እየወጣ ስለሆነ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት ተባለ። ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ኮሪደር ላይ ሁለት ቀን ተከራከሩ። አንዱ «እናቴን አካለ ጎደሎ አላደርግም» ይላል፤ ሌላው አጎታችን ከገጠር ይምጣ ይላል። እሳቸው አልጋው ላይ ሆነው ሁሉንም ይሰማሉ። ሌሊት ተረኛ ነበርኩና ሙቀታቸውን እየለካሁ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«እስካሁን የት ነበርሽ ልጄ? ቁረጡልኝ እንጂ! ይሄ እግር ከሞተ ሰንብቷል።»

በአሻራቸው ፈረሙ። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመጡ በክራንች ቆመው ልጆቻቸውን ይቆጡ ነበር።

እሳቸውን ያስታወሰኝ የራሴ ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሜሪላንድ የምትኖረው ልጄ «እማዬ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ቤቱን ሽጠሽ ነይ» አለችኝ። እዚህ ያለው ወንድሟ ተስማማ። ወንድሜም ተስማማ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ደላላው መጥቶ ግቢውን በዓይኑ ሲለካ ነው እኚያ እናት ትዝ ያሉኝ። «ቤቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሄጄ ልየው» አልኩ።

አምስት ወር ቆየሁ። ሕመምተኛ ሲተኛ ቻርት ይከፈትለታል፤ እኔም ለራሴ በደብተር ከፈትኩ። ማታ ማታ የደም ግፊቴን፣ እንቅልፌን፣ ከቤት ሰው ውጪ ያነጋገርኩትን ሰው እጽፍ ነበር። ግፊቴ ደህና ነው። የልጅ ልጄ እቅፌ ውስጥ ትተኛለች፤ ያንን የምጽፍበት መስመር አልነበረኝም። ያነጋገርኩት ሰው በሚለው ሥር ግን አሥራ አንድ ቀን በተከታታይ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። እዚህ ሰፈር ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ብቻ አምስት ሰው «ሲስተር፣ ግፊቴን ለኪልኝ» ይለኛል። ዘመዶቼ ሁሉ «እዚያ ደስ ይልሻል» ብለውኝ ነበር። ደብተሩ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ደብተሩን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

እመለሳለሁ ስላት ልጄ አለቀሰች። ለሕፃን ጠባቂ የምትከፍለው ቀላል አይደለም፤ በእኔ ተስፋ አድርጋ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል፤ ትክክል ስለሆንኩ አልቀለለኝም። ለሳምንታት ስልኳ አጭር ነበር።

ከተመለስኩ በሁለተኛው ወር ሻወር ቤት አዳልጦኝ ወደቅሁ። የእጄ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታሰርኩ።

«አላልኩሽም?» አለችኝ። ብላለች፤ ሐቋን ነው።

ጀሶው እጄ ላይ እያለ ደብተሩን አወጣሁና ደጋግሜ አነበብኩት። የተሳሳተው ውሳኔዬ ነው ወይስ ወለሉ? ባዶዎቹ መስመሮች እንዳሉ ናቸው። ወለሉን ግን የሚያዳልጠውን ሴራሚክ አስነሥቼ በሻካራ አስቀየርኩ፤ ትርፍ ቁልፍ ለጎረቤቴ ሰጠሁ፤ ሌሊት ስነሣ መብራት ሳላበራ አልራመድም። ይህን የመጨረሻውን ለታካሚዎቼ ስንት ዓመት ስመክር ኖሬያለሁ!

ጀሶው የተፈታ ዕለት ልጄ ደወለች። ስለ ቤቱ ሽያጭ የምታነሣ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«እማዬ፣ እዚያው ለመኖር ምን ያስፈልግሻል?» አለችኝ።

«ሻወር ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ» አልኳት። በማግስቱ ገንዘቡን ላከች።