አውቶቡስ መንገድ ላይ ሲቆም፦ የመመርመሪያ ሶኬቱ የት ይገኛል? ኮዱስ ምን ይናገራል?

ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣውን ዳገት የተያያዘ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በድንገት ጉልበት ያጣል። ከሾፌሩ ፊት የሞተር ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት ይበራል። ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ተሳፋሪዎች ጥላ ፍለጋ ይበተናሉ፤ ለመካኒክ ይደወላል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ግምት ነው፤ “ፖምፓው ነው” ወይም “ኢንጀክተሩ ነው” ይባላል። ሁለቱም ውድ ዕቃዎች ናቸው። ግምቱ ከተሳሳተ ባለንብረቱ ገንዘቡን ያጣል፤ አውቶቡሱም እንደቆመ ይቀራል።

ዘመናዊ የናፍጣ አውቶቡሶች ግን የገጠማቸውን ብልሽት የሚመዘግብ ኮምፒውተር አላቸው። መዝገቡ የሚነበበው በአንድ ትንሽ ሶኬት በኩል ነው።

የት ይፈለግ?

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሞተር በአብዛኛው ከኋላ ነው። ሆኖም የሞተሩ ኮምፒውተር ‘ካን’ በሚባል የመረጃ መስመር ከፊተኛው ክፍል ጋር ስለሚገናኝ፣ ምርመራው ከሾፌሩ ወንበር ሊካሄድ ይችላል።

ሶኬቱ በቅድሚያ መፈለግ ያለበት ከመሪው በታች፣ በሾፌሩ ጎን ባሉ ክዳኖች ውስጥ እና በፊውዝ ሳጥኑ አካባቢ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች በኋለኛው የሞተር ክፍል ሌላ ሶኬት አላቸው።

ቅርጹ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። በአሜሪካ ሠራሽ ከባድ ተሽከርካሪዎች የተለመደው ክብ ሲሆን ዘጠኝ ፒኖች አሉት። ጥቁሩ የቀድሞው፣ አረንጓዴው ደግሞ ፈጣኑና አዲሱ ነው። በብዙ የአውሮፓና የቻይና አውቶቡሶች የሚገኘው የቤት መኪና ሶኬት የሚመስለው ባለ 16 ቀዳዳ ነው።

12 ወይስ 24 ቮልት?

ስህተት የሚፈጠረው ይህ መመሳሰል ሲያሳስት ነው። የቤት መኪና በ12 ቮልት ይሠራል፤ ትልልቅ አውቶቡሶች ግን በአብዛኛው ሁለት ባትሪዎችን በተከታታይ አገናኝተው 24 ቮልት ይጠቀማሉ። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ መመርመሪያ እዚህ ላይ ሊቃጠል ይችላል።

ይህንን ለመከላከል በደረጃው መሠረት የተሠራ ባለ 24 ቮልት ሶኬት መሐሉ ላይ ያለው ስንጥቅ የተቋረጠ ነው፤ የ12 ቮልት ሶኬት ግን ስንጥቁ ወጥ ነው። አልገባ ያለን መሰኪያ በጉልበት መግፋት አይገባም።

ከመሰካቱ በፊት ኃይሉን በቴስተር መለካት ይበጃል። በባለ 16 ቀዳዳው ቁጥር 16 ፖዘቲቭ፣ ቁጥር 4 ደግሞ ኔጋቲቭ ነው። በክቡ ላይ ‘ቢ’ ፖዘቲቭ፣ ‘ኤ’ ኔጋቲቭ ናቸው። ኃይል ከሌለ መጀመሪያ ፊውዙ ይታይ።

ኮዱ የሚናገረውና የማይናገረው

አውቶቡሱ ሜዳ ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መሣሪያው ይሰካል፤ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ይከፈታል። የሚታዩት ኮዶች ከመጥፋታቸው በፊት ይጻፉ ወይም በስልክ ፎቶ ይነሱ። አሁን ያለው ብልሽት ቀድሞ ከተመዘገበው መለየት አለበት።

በከባድ ተሽከርካሪዎች የተለመደው ኮድ ሁለት ቁጥሮች አሉት። የመጀመሪያው ችግሩ የታየበትን ክፍል ወይም መለኪያ፣ ሁለተኛው የችግሩን ዓይነት ያመለክታል። ለምሳሌ 100 የሞተር ዘይት ግፊት ነው። ከ1 ጋር ሲመጣ ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ወርዷል ማለት ስለሆነ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። ከ4 ጋር ሲመጣ ግን ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ ወይም ወደ ሽቦው ያመራል።

በሌላ አነጋገር ኮዱ የሚጠቁመው የት መታየት እንዳለበት እንጂ ምን መገዛት እንዳለበት አይደለም። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣው አውቶቡስ ዝቅተኛ የነዳጅ ግፊት የሚያመለክት ኮድ ቢያሳይ፣ ምክንያቱ ፖምፓው ሊሆን ይችላል፤ የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ ወይም አየር የሚያስገባ ቱቦም ሊሆን ይችላል። ፍተሻው ከርካሹና ከቀላሉ ቢጀምር ወጪ ይቆጥባል።

ኮድን ማጥፋት ደግሞ ጥገና አይደለም። ምክንያቱ ካልተወገደ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ያገለገለ አውቶቡስ የሚገዛ ሰውም መዝገቡ ባዶ በመሆኑ ብቻ ሊረጋጋ አይገባም፤ ከሽያጩ በፊት ተደምስሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተሽከርካሪው ጭኖ ዳገት ከወጣ በኋላ ድጋሚ ቢነበብ ይመረጣል።